የኦቶሞቢል ስፋት በውጭ አይለካም

ከምጽዋ ወደብ ተነሥቶ አሥመራ የሚገባ መንገደኛ በ115 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ደጋ ይወጣል። በታች ያለው የቆላ ሙቀት ልብስን ከገላ ጋር ያጣብቃል፤ በላይ ያለው ነፋስ ደግሞ ካፖርት ያስደርባል። በመካከሉ ያለው ዳገት አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እየታጠፈ ስለሚወጣ ተሳፋሪው በመቀመጫው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ይቆያል። ይህን መንገድ ጨርሶ ሲወርድ ወገቡን ይዞ የሚቆም ሰው አለ፤ ሲሳፈር እንደ ነበረ ቀጥ ብሎ የሚራመድም ሰው አለ። የሁለቱ ልዩነት የዕድሜና የጤንነት ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የተቀመጡበት ኦቶሞቢል ልዩነት ነው።

በቀድሞ ዘመን በቅሎ የሚገዛ ሰው በቁመናዋ ብቻ ተማርኮ ገንዘቡን አይቈጥርም ነበር። ሰጋር መሆንዋን በአረማመድዋ ያያል፤ ኮርቻ አስጭኖ ጥቂት መንገድ ይሄድባታል፤ እርካቡ ለእግሩ ልክ መሆኑን ይመረምራል። ከበቅሎ ብዙ እጥፍ ዋጋ ያለውን ኦቶሞቢል የሚገዛው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ጥንቃቄ ይተወዋል። ስለ ቀለሙ ማማር፣ ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ነዳጁ ፍጆታ ይጠይቃል፤ ከመሪው ኋላ አንድ ጊዜ ይቀመጥና በሩን ዘግቶ ይፈርማል። በኋላው መቀመጫ ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ ጉልበቱስ የት እንደሚገባ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ኦቶሞቢል በሁለት ጥያቄዎች ሊመረመር ይገባዋል። አንደኛው፣ በውስጡ ለሰው የተተወው ቦታ ምን ያህል ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መቀመጫው የሰውን አካል እንዴት አድርጎ ይሸከማል? የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ አይደሉም፤ ሰፊ ሆኖ የማይመች ኦቶሞቢል አለ፤ ጠባብ ሆኖ የሚመችም አለ። ይህን ለማስረዳት ካለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ከተሠሩት መካከል ስማቸው የታወቀውን ጥቂት ዓይነቶች ማነጻጸር ይበቃል። የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ርዝመት ያታልላል

በ1959 የተሠራው የአሜሪካው ካዲላክ ከፊት ጫፉ እስከ ኋላ ጫፉ 5.7 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ኋላው እንደ ዓሣ ክንፍ ወደ ላይ የተነሣ ስለ ሆነ በመንገድ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው ነበር። በውስጡ ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት ሰው ይይዛል። ከዚህ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1956 የኢጣልያው ፊያት ፋብሪካ ፊያት 600 ሙልቲፕላ የተባለውን ለገበያ አቅርቦ ነበር። የእርሱ ርዝመት 3.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ በሦስት ረድፍ ስድስት ሰው ይይዛል። አንዱ ከሌላው በሁለት ሜትር ይበልጣል፤ የተሳፋሪው ቍጥር ግን እኩል ነው።

በእርግጥ ፍርድ በቍጥር ብቻ ቢሰጥ ትክክል አይሆንም። በካዲላኩ ውስጥ ሦስት ወፍራም ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሳይጋፉ ጐን ለጐን ይቀመጣሉ፤ ከኋላው ያለው የዕቃ ማስቀመጫም የብዙ ሰው ሻንጣ ይይዛል። በሙልቲፕላው ግን ስድስቱም ሰዎች ከገቡ በኋላ ለሻንጣ የሚተርፍ ቦታ የለም ለማለት ይቻላል፤ የመካከለኛው ረድፍ ተሳፋሪዎችም ጉልበታቸውን ሰብሰብ አድርገው መቀመጥ ይኖርባቸዋል። ዳሩ ግን፣ ያ የሁለት ሜትር ትርፍ የት ገባ? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መልሱ ግልጽ ነው። ከትርፉ የሚበዛው ሞተሩን ለሸፈነው ለረጅሙ ኮፈንና ከኋላ ለተንጠለጠለው ጅራት ሆኗል። የቀረውን ደግሞ የጣሪያው ዝቅታ ወስዶታል። ካዲላኩ ከመሬት እስከ ጣሪያው 1.4 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ መቀመጫውም ወደ ወለሉ ዝቅ ብሎ ተሠርቷል። ሰው ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ እግሩን ወደ ፊት መዘርጋት ግድ ይሆንበታል፤ የተዘረጋ እግርም ርዝመት ይፈልጋል። ከዚህም በላይ ኃይልን ከፊት ሞተር ወደ ኋላ እግር የሚያስተላልፈው ዘንግ በወለሉ መካከል ስለሚያልፍ፣ በላዩ ያለው ጕብታ የመካከለኛውን ተሳፋሪ እግር ያነሣበታል። በመካከል የሚቀመጠው ሰው በዚያ ሰፊ ኦቶሞቢል ውስጥ እንኳ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አቅርቦ ይሄዳል ማለት ነው።

የሞተሩ ቦታና የሰው ቦታ

በትንሽ ኦቶሞቢል ውስጥ ሞተርና ሰው በአንድ ጠባብ መሬት ላይ እንደሚከራከሩ ሁለት ጐረቤቶች ናቸው፤ አንዱ የሚያገኘው ሌላው ከሚለቀው ነው። ይህን ክርክር ለመፍታት መሐንዲሶች የተለያየ መንገድ ፈልገዋል።

ዳንቴ ጃኮሳ የተባለው የኢጣልያ መሐንዲስ በ1955 የወጣችውን ፊያት 600 ሲሠራ ሞተሩን ከኋላ አስቀመጠው። በዚህም ምክንያት ወደ ኋላ የሚያልፈው ዘንግ ቀረ፤ ወለሉም ለእግር የተመቸ ሆነ። ርዝመትዋ 3.2 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን አራት ሰው ትይዛለች። በአሥመራ ጐዳናዎች የታወቀችው፣ በአዲስ አበባም ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆና ያገለገለችው ይህችው ሰይቼንቶ ናት። ጕድለትዋ በትከሻ በኩል ነው፤ የውጭ ስፋትዋ እንኳ 1.4 ሜትር የማይሞላ ስለ ሆነ ከኋላ ሦስት ሰው ሲሳፈር አንዱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ብለው መቀመጥ ነበረባቸው።

የጀርመኑ ቮልስዋገንም እንደዚሁ ሞተሩ ከኋላ ነው። ርዝመቱ ከፊያት 600 በ85 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል፤ ነገር ግን ትርፉ ሁሉ ለተሳፋሪው አልደረሰም። ጣሪያው እንደ ጥንዚዛ ጀርባ ወደ ኋላ እየጐበጠ ስለሚወርድ ከፊት የተቀመጠው ረጅም ሰው ባርኔጣውን ሳያወልቅ ሲሄድ፣ ከኋላ የተቀመጠው ረጅም ሰው ራሱን ወደ ፊት ያዘነብላል። አንድ ኦቶሞቢል ለአንዱ ተሳፋሪ ሰፊ፣ ለሌላው ጠባብ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የሱዌዝ ካናል በ1956 በጦርነት ምክንያት በተዘጋ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ነዳጅ እጅግ ተወደደ። ብሪቲሽ ሞተር ኮርፖሬሽን የተባለው ኩባንያም ነዳጅ የሚቈጥብ ትንሽ ኦቶሞቢል እንዲሠራለት አሌክ ኢሲጎኒስን አዘዘ። በ1959 የወጣው ሚኒ የዚህ ትእዛዝ ፍሬ ነው። ኢሲጎኒስ ሞተሩን በአግድም አዙሮ ከፊት አስቀመጠው፤ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር ከዘይቱ ጋራ አደረገው፤ ኃይሉም ወደ ፊት እግሮች እንዲሄድ አደረገ። ጐማዎቹን ደግሞ ወደ ተሳፋሪው ክፍል እንዳይገቡ በ10 ኢንች ወሰናቸው። ስለዚህ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ3 ሜትር እምብዛም የማይበልጠው ሚኒ አራት ትልልቅ ሰዎችን ለመያዝ ቻለ። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሠሩት ትናንሽ ኦቶሞቢሎች እጅግ የሚበዙት ሞተራቸው በአግድም ከፊት የሆነው የእርሱን ምሳሌነት በመከተል ነው።

አሁን ሚኒን ከላንድ ሮቨር ጋራ ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1948 በአምስተርዳም ለሕዝብ የታየው የመጀመሪያው ላንድ ሮቨር ከፊት እግሩ እስከ ኋላ እግሩ ያለው ርቀት 2.03 ሜትር ያህል ነበር፤ የሚኒውም ርቀት ይኸው ነው። ሁለቱ በዚህ ልክ ተካክለው ሳለ፣ በላንድ ሮቨሩ ውስጥ በፊት ለፊት አቅጣጫ የሚቀመጡት ከፊት ያሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሞተሩ በቁመት ተቀምጦ፣ ካምቢዮውም እርሱን ተከትሎ የርዝመቱን እኩሌታ ያህል ይወስዳል። ይህ ግን ነቀፋ አይደለም፤ ላንድ ሮቨር ለእርሻና ለጭነት የተሠራ ነው፤ ጕልበቱንም በገደልና በአሸዋ ላይ አስመስክሯል። ነቀፋው ለእርሻ የተሠራውን መኪና ለቤተሰብ ገዝቶ፣ ኋላ ስለ ጥበቱ ለሚያጕረመርመው ገዢ ነው።

ባርኔጣና ጣሪያ

ብዙ ሰው ስፋትን በርዝመትና በጐን ብቻ ይለካል፤ ቁመትን ይረሳል። ነገር ግን ሰው እንደ ወንበር ከፍ ብሎ ሲቀመጥ እግሩ ወደ ታች ስለሚወርድ ከፊቱ የሚፈልገው ቦታ ያንሳል። ሙልቲፕላ በትንሽ ርዝመት ሦስት ረድፍ ለመያዝ የቻለው በዚህ ዘዴ ነው። ኋላ የመጡት ሚኒባሶችም ምሥጢራቸው ይኸው ነው።

የክራይስለር ኩባንያ መሪ የነበሩት ኬለር ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። በ1949 የወጡት ኦቶሞቢሎቻቸው ሰው ባርኔጣውን እንደ ደፋ የሚቀመጥባቸው፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነበሩ። ነገር ግን ተወዳዳሪዎቻቸው ዝቅ ያለና ረዘም ያለ መልክ ይዘው ስለ ቀረቡ ገበያው ወደዚያ አዘነበለ። ገዢው በዓይኑ ገዛ፤ በወገቡ ከፈለ። የፈረንሳዩ ሲትሮየን ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ቡላንዤ ግን በተመሳሳይ ሐሳብ ተሳክቶላቸዋል። ለመሐንዲሶቻቸው የሰጡት ትእዛዝ ሁለት ገበሬዎችንና ሃምሳ ኪሎ ድንች በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚወስድ፣ በታረሰ መሬት ላይ ሲያልፍ በቅርጫት ያለ እንቍላል የማይሰብር ኦቶሞቢል ይሠራ የሚል ነበር። ባርኔጣ ያደረገ ሰው በምቾት እንዲቀመጥበትም ፈልገው ነበር። በ1948 በፓሪስ የታየው ሲትሮየን 2 ሴ ቬ ከዚህ ትእዛዝ ተወለደ።

ይህ ጕዳይ ባርኔጣ ለማያደርጉ አገሮች ብቻ የሚቀር አይደለም። ጥምጥም የጠመጠመ ካህንም ሆነ ሻሽ ያሰረች እመቤት በዝቅተኛ ጣሪያ ሥር ሲሄዱ አንገታቸውን ያጐብጣሉ። አንድ ሰዓት ያጐበጠ አንገት ደግሞ ከመኪናው ከተወረደ በኋላም ሕመሙን አይረሳም።

ለስላሳው መቀመጫና ጠንካራው መቀመጫ

ስፋት ከተገኘ በኋላ የመቀመጫው ጕዳይ ይከተላል። በዚህ ረገድ ሁሉን የሚያስተው አንድ ስሕተት አለ፤ ይኸውም በመሸጫው ቤት ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ሲቀመጡበት የሚለሰልሰው መቀመጫ በመንገድም ላይ የሚመች ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከመጠን በላይ የሚለሰልስ መቀመጫ የተቀመጠውን ሰው መካከሉን ያሰምጠውና ወገቡን ወደ ኋላ ያጐብጠዋል። የሰው አከርካሪ በወገብ በኩል ወደ ፊት ትንሽ የታጠፈ ሆኖ የተፈጠረ ስለ ሆነ፣ ይህ መታጠፍ ከኋላ ድጋፍ ካላገኘ በአጥንቶቹ መካከል ባለው ለስላሳ አካል ላይ ጭነቱ ይበዛል። መደገፊያው ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለ፣ በወገብ በኩልም የሚደግፍ ሲሆን ጭነቱ ይቀንሳል።

መርሴዲስ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መቀመጫውን በብረት ሞላ፣ በፈረስ ጭራና በኮኮ ጭረት ይሠራ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠበት ሰው ጠንካራ ነው ብሎ ይደነቅ ነበር፤ ሰባትና ስምንት ሰዓት ከሄደበት በኋላ ግን ምክንያቱን ያውቃል። ጭራው አየር ስለሚያሳልፍ ጀርባን አያልብም፤ ሞላውም የሰውየውን ክብደት ለጭኑና ለመቀመጫው አከፋፍሎ ይሸከማል። ፔጆ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዷል። በ1960 የወጣው ፔጆ 404 መቀመጫው ለስላሳ፣ የእግሩም ሞላ ረጅም ነበር፤ ሆኖም ሁለቱ በመስማማታቸው ምቾቱ ተመሰገነ። የሲትሮየን 2 ሴ ቬ መቀመጫም ሌላ ትምህርት ይሰጣል፤ ከብረት ቱቦ በተሠራ አልጋ ላይ በላስቲክ ጠፍር የተወጠረ ጨርቅ ብቻ ነው። ዋጋው እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ እንደ ጠፍር አልጋ የገላን ቅርጽ ይዞ የሚሰጥ ስለ ሆነ ከብዙ ውድ መቀመጫ የማያንስ ምቾት ነበረው።

ከዚህ እንደሚታየው መቀመጫ ብቻውን አይፈረድም፤ ከባሌስትራው፣ ከሞላውና ከጐማው ጋራ አብሮ ይፈረዳል። የሰው ገላ ሲቀመጥ በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚደጋገመውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያናውጥ መንቀጥቀጥ ከሌላው ሁሉ ይልቅ አይችለውም፤ ሆድና አከርካሪ አብረው የሚናወጡት በዚህ ልክ ነው። ጥሩ ኦቶሞቢል በሴኮንድ አንድ ጊዜ ወይም ጥቂት በለጥ ባለ ልክ ቀስ ብሎ እንዲወዛወዝ ይደረጋል፤ ይህም ከሰው እርምጃ ጋራ የተቀራረበ ነው። ሰጋር በቅሎ የምትወደድበት ምክንያትም ከዚህ አይርቅም። በኮረኮንች መንገድ ላይ ጠንካራ ባሌስትራ ያለው መኪና ባዶውን ሲሄድ ጠንካራውን ነውጥ እስከ መቀመጫው ያደርሰዋል፤ ቀጭኑ ስፖንጅም ሊመልሰው አይችልም።

በ1955 የወጣው ሲትሮየን ዴ ኤስ ይህን ነውጥ በጋዝና በዘይት ኃይል በማብረድ ዓለምን አስደንቋል። ከፊት እግሩ እስከ ኋላ እግሩ 3.12 ሜትር ያህል ስለ ነበረና ኃይሉም በፊት እግሮች ስለሚሠራ ከኋላ የተቀመጠው ሰው እግሩን ዘርግቶ ይሄዳል፤ በወለሉም ላይ የዘንግ ጕብታ የለበትም። ሆኖም አንዳንድ ተሳፋሪ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ የዝግታ ውዝዋዜው እንደ መርከብ ያቅለሸልሸዋል። ለአንዱ መንገድ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መንገድ ሕመም የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የመቀመጫው ልብስም በቆላ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ በሚደርሰው በምጽዋ፣ በፀሐይ የቆመ መኪና የፕላስቲክ ሽፋን ጭንን ያቃጥላል፤ ከዚያም ላብን አላሳልፍ ብሎ ልብስን ያጣብቃል። በመታጠፊያው ላይ ደግሞ ሰውን ያንሸራትታል። ጨርቅ አየር ያሳልፋል፤ ነገር ግን አቧራና ቅባት ይይዛል። ስለዚህ የቆላው ነጋዴና የደጋው ጸሐፊ አንድ ዓይነት ልብስ ሊመርጡ አይገባም።

የምሥራቅ አፍሪካ መንገዶች ፈተና

በ1953 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር ኦቶሞቢሎች በአቧራና በጭቃ የሚመዘኑበት ታላቅ ፈተና ነበር። መርሴዲስ በ1959፣ በ1960ና በ1961 አሸነፈ፤ ቮልስዋገን በ1962፤ ቮልቮ በ1965፤ ፔጆ 404 ደግሞ በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 አሸነፈ። ድሉ በመጀመሪያ የሞተሩና የአካሉ ጥንካሬ ነው። ነገር ግን በእንደዚህ ያለ ውድድር ቀንና ሌሊት የሚነዳው ሹፌር ነው፤ ወገቡ የዛለ ሹፌር መኪናው ቢጠነክርለትም መታጠፊያውን ዘግይቶ ያያል። የመቀመጫ ምቾት የቅንጦት ነገር ሳይሆን የጥንቃቄ ነገር መሆኑን ባለሙያዎች የሚናገሩት ስለዚህ ነው።

ከኋላ የሚቀመጠው ሰው

ከሁሉም የሚረሳው ከኋላ የሚቀመጠው ተሳፋሪ ነው። በላንድ ሮቨርና ከ1984 ጀምሮ በሚሠራው የላንድ ክሩዘር 70 ዓይነት ላይ፣ በኋላው ክፍል ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የተያዩ አግዳሚ ወንበሮች ያሉባቸው መኪናዎች ብዙ መሥሪያ ቤቶችን ያገለግላሉ። በቍጥር ብዙ ሰው ይይዛሉ፤ ጭነት ሲኖርም ወንበሩ ይታጠፋል። በአዲስ አበባም ተሳፋሪዎቹ እንዲሁ ፊት ለፊት ተያይተው ይሄዱባቸው የነበሩት ታክሲዎች ሕዝቡ ውይይት ብሎ ሰይሟቸው ነበር። ለጨዋታ የተመቸ አቀማመጥ መሆኑ እውነት ነው። ለረጅም ዳገትና ቍልቍለት ግን አይደለም። መኪናው ፍሬን በያዘ ቍጥር ተሳፋሪው በጐኑ በአጠገቡ ባለው ሰው ላይ ይወድቃል፤ ወደ ጐን የሚመለከት ዓይንም ጉዞውን አስቀድሞ ስለማያይ ማቅለሽለሽ ይበዛል። በግጭት ጊዜ የሚደርሰው ጕዳት ስለሚያሰጋ የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ባወጣው መመሪያ ይህን አቀማመጥ በአዳዲስ የቤት ኦቶሞቢሎች ላይ ከልክሏል።

የቶዮታው ሃይ ኤስ ሚኒባስ ሰውን ሁሉ ወደ ፊት አስመልክቶ በረድፍ ያስቀምጣል። ሞተሩ ከጋቢናው መቀመጫ ሥር ስለ ሆነ ርዝመቱ ሁሉ ለተሳፋሪ ይተርፋል። ሆኖም የዚህም ረድፍ ሁሉ እኩል አይደለም። በኋላ እግሮች ላይ ወይም ከእነርሱ ኋላ የሚቀመጠው ሰው የመንገዱን ጕድጓድ ሁሉ ይቈጥራል፤ በመካከለኛው ረድፍ፣ በፊትና በኋላ እግሮች መካከል የተቀመጠው ግን ነውጡ ይቀልለታል። ሽማግሌዎችን፣ እርጉዝ ሴቶችንና ሕመምተኞችን በመካከለኛው ረድፍ ማስቀመጥ ወጪ የማይጠይቅ ደግነት ነው።

ባትሪው ከወለሉ በታች

በዚህ ዘመን ጥያቄው በአዲስ መልክ ተመልሷል። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ ኦቶሞቢል ገበያ ሰፍቷል። የኤሌክትሪክ ሞተር ትንሽ ስለ ሆነ በኮፈንና በወለል መካከል የነበረው የቀድሞ ክርክር በአብዛኛው አብቅቷል፤ ወለሉም ጕብታ የሌለው ሜዳ ሆኗል። ነገር ግን ከባዱ ባትሪ ከወለሉ በታች ስለሚነጠፍ ወለሉ ከፍ ይላል። መቀመጫው አብሮ ካልተነሣ ከኋላ ያለው ሰው ጉልበቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ጭኑም ከመቀመጫው ይለያል፤ ክብደቱ ሁሉ በመቀመጫው አጥንት ላይ ይወድቃል። የጉልበት ቦታ ሰፊ ሆኖ ሳለ ወገብ የሚያመው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሦስት ረድፍ የነበረው የቤተሰብ ፔጆ 404 ርዝመቱ ወደ 4.6 ሜትር ሲሆን ሰባት ሰው ይይዝ ነበር። የዛሬው ቮልስዋገን አይዲ 4 ርዝመቱ ያው ወደ 4.6 ሜትር ሲሆን የተሠራው ለአምስት ሰው ነው። የዛሬው በሮቹ የወፈሩት፣ አካሉም የሰፋው ለግጭት መከላከያ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም፤ በ1959 የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ያወጣው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶም ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቦታ ስለሚፈልግ እንደ ቀድሞው ተጠባብቆ መቀመጥ አይፈቀድም። ሰባት ሰው የሚያመላልስ ነጋዴ ግን በውጭው ርዝመት ተማምኖ ቢገዛ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ይቀርበታል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኦቶሞቢሎችን በውጭ ርዝመታቸው ሳይሆን በውስጣቸው ባለው የሰውና የዕቃ ቦታ ይመድባል። በእርሱ ልክ፣ ለሰውና ለዕቃ ያለው ቦታ በጠቅላላው ከ3.1 ሜትር ኩብ ያህል በታች የሆነ ኦቶሞቢል ከመካከለኛው መደብ አይቈጠርም፤ ትልቅ ለመባል ደግሞ 3.4 ሜትር ኩብ ያህል ያስፈልገዋል። በዚህ ሚዛን በውጭ ትንሽ የሚመስለው ከትልልቆቹ መደብ ሲገባ፣ በውጭ ረጅም የሆነው ከትናንሾቹ ጋራ ሲመደብ ይገኛል።

ለገዢ የሚበጅ መለኪያ

ሜትር ኩብ የሚለካ መሣሪያ በእጁ የሌለው ገዢ ግን እጁና ጣቱ ይበቁታል። በመጀመሪያ መኪናውን በእውነት የሚነዳው ሹፌር ከመሪው ኋላ ይቀመጥና መቀመጫውን ለእርሱ በሚመቸው ልክ ያድርገው። ገዢው ከሹፌሩ ኋላ ይቀመጥ፤ በጉልበቱና በፊቱ ባለው መቀመጫ መካከል አራት ጣት ቢያስገባ መልካም ነው። በራሱና በጣሪያው መካከል የተጨበጠ እጅ ሊገባ ይገባል። በመቀመጫው ጫፍና በጉልበቱ ኋላ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት ይኑር፤ ክፍተቱ ከበዛ ጭን ድጋፍ ያጣል፤ ካነሰ የእግር ደም ይታገዳል። እግሩም ከፊቱ ባለው መቀመጫ ሥር መግባቱን ይመልከት።

ከዚያ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ከኋላ ተቀምጠው በሩ ይዘጋ። ሦስቱም ትከሻቸውን ሳያጥፉ ከተቀመጡ ኦቶሞቢሉ በእርግጥ የአምስት ሰው ነው፤ አለዚያ በወረቀት ላይ አምስት ቢባልም የአራት ሰው ነው። በመጨረሻም በመሸጫው ቤት በር ላይ ባለው አስፋልት አሥር ደቂቃ መንዳት በቂ አይደለም፤ ሰው ሞልቶ፣ በኮረኮንችና በዳገት፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት መሄድ ያስፈልጋል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ የመቀመጫውን መካከልና ጠርዝ በእጁ ጫን ብሎ ይሞክር፤ ስፖንጁ ከሞተ፣ ሞላውም ከተሰበረ የማሳደሱን ዋጋ ከመግዣው ጋራ ይደምር።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው ለራሳቸው የሚገዙትን ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ለሌሎች የሚገዙትን ነው። አስተዳዳሪው በመንግሥት ገንዘብ፣ ነጋዴውም በንግዱ ገንዘብ ኦቶሞቢል ሲገዙ፣ በጨረታው ወረቀት ላይ ዋጋው፣ የሞተሩ ጉልበትና የመለዋወጫው ሁኔታ ይጻፋል። የሹፌሩ መቀመጫ ከፍ ዝቅ የሚል መሆኑ፣ መደገፊያው ወገብን የሚይዝ መሆኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። የፈረመው ሰው በወር አንድ ቀን ከፊት ተቀምጦ ይሄዳል፤ ሹፌሩ ግን በዚያ መቀመጫ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይውላል። የጤና ረዳቱ፣ ግብር ሰብሳቢውና ሸቀጥ የሚያጅበው የሱቅ ሠራተኛ ከኋላ ተቀምጠው ዳገቱን ይወጣሉ።

በቀድሞ ዘመን ጭነት የሚያስጭን ነጋዴ የበቅሎውን ጀርባ በየማደሪያው ገልጦ ያይ ነበር፤ የቈሰለ ጀርባ ካለ ንግዱ እንደሚቆም ያውቅ ነበርና። ዛሬ የሚቈስለው የሰው ወገብ ነው፤ ስለማይታይም አይጠየቅም። ስለዚህ ገዢ ከመፈረሙ በፊት ሹፌሩን ጠርቶ በመቀመጫው ላይ ያስቀምጠው፤ እርሱም ራሱ ከኋላው ይቀመጥ፤ ከዚያም የሹፌሩን አስተያየት ይስማ። ከምጽዋ እስከ አሥመራ ያለውን ዳገት በሰላም የሚያወጣው ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ መሪውን የያዘው ያልደከመ ሰው ነው።